የዳገቱ ላይ መሳለም

ወይዘሮ ምብራት ዛሬም ዳገቱ መሃል ላይ ቆሙ።

የነሐሴ ካፊያ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ የሚያወጣው መንገድ በጭጋግ ተሸፍኖ የመኪኖቹ መብራት ብቻ ነው የሚታየው። ወይዘሮ ምብራት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጸጥ አሉ። ብሩክታይት እንደ ልማዷ ጃንጥላውን ለእሳቸው ሰጥታ ፈንጠር አለችና ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዞረች። ሰው ከአምላኩ ጋር ሲነጋገር ዓይን አይጣልበትም ብላ ነው። እሷ የጴንጤ ልጅ ናት፤ መንገድ ላይ ቆሞ ቤተ ክርስቲያን መሳለም በእነሱ ቤት የለም። የሌላውን ሰው አምልኮ ማክበር ግን አለ። ስለዚህ ሴትዮዋ በቆሙ ቁጥር እሷ ዝናቡን ትጠጣለች።

"በቃ፣ እንሂድ" አሉ ወይዘሮ ምብራት ቅጥን ባለ ድምፅ።

"ቀስ ይበሉ እትዬ ምብራት፤ ማን አሳደደን?"

"አንቺ ነሻ! ዶክተሩ ይራመዱ አለኝ እንጂ ይሩጡ መች አለኝ?"

ብሩክታይት ከት ብላ ሳቀች። በኋላ ይህቺን ሳቋን ስታስታውስ ራሷን ትረግማለች።

እናንተዬ፣ ፍቅር ስንቱ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ያውቃል! የአንዱ ሀብት ላይ፣ የሌላው ዘር ላይ፣ አንዳንዱም ቪዛ ላይ። የብሩክታይትና የፍትዊ ፍቅር ግን የተንጠለጠለው በአንዲት እናት ደም ውስጥ ባለ ስብ ላይ ነው። ሰው ሰምቶ ቢስቅ አይፈረድበትም። እነሱ ግን ከሳቁ ቆዩ።

ወይዘሮ ምብራት ከድሮው አትክልት ተራ ወረድ ብሎ የቅቤ መደብር አላቸው። ከትግራይ የመጡት በልጅነታቸው ነው፤ ከባለቤታቸው ከአቶ አጽብሐ ጋር መደብሩን ከፍተው፣ ልጃቸውን ፍትዊን አሳድገው፣ አስተምረው፣ ለሥራ አበቁ። አቶ አጽብሐ ግን ታመሙ። በአንዲት ፍሬ ኪኒን ጀምረው በፌስታል ሙሉ ጨረሱና አረፉ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ምብራት ኪኒን ሲባል ቆሌያቸው ይገፈፋል። "አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ጓደኞቹን እየጠራ ነው የሚገባው" ይላሉ።

ግንቦት ላይ ዶክተር ገነነ ደማቸውን መርምሮ "ኮሌስትሮልዎ በጣም ከፍ ብሏል" አላቸው። መድኃኒት ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሳ እጁን ያዙት። ሐኪሙም እሺ ብሎ ሦስት ወር ሰጣቸው፤ በአመጋገብና በእግር ጉዞ ይሞከር፣ ካልሆነ ግን መድኃኒቱ አይቀርም ብሎ። እንደ ክፉ አጋጣሚ ፍትዊ ብሩክታይትን ላገባ ነው ብሎ የነገራቸው በዚያው ሰሞን ነበር። እናቱ የጴንጤ ልጅ መሆኗን ሰሙ። ነጠላቸውን አጣፍተው ሥላሴ ሄዱ። ሲመለሱ በር ላይ ቆመው እንዲህ አሉት፦

"ተስያለሁ። ይሄ ነገር ያለ መድኃኒት ከወረደልኝ ሥላሴ ፈቅደዋል ማለት ነው፤ ሽማግሌ ልኬ ልጅቷን በወግ በማዕረግ አመጣልሃለሁ። ኪኒን ከዋጥኩ ግን አልፈቀዱም። ከዚያ በኋላ ስሟን በዚህ ቤት እንዳልሰማ።"

ፍትዊ ይህን የነገራት በንዴት ነበር። ብሩክታይት ግን ሰምታ ስታበቃ "እሺ፣ እኔ አወርደዋለሁ" አለች። የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ክረምቱን ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ደግሞም በቀቢፀ ተስፋ የሚወድ ሰው የማይሞክረው ነገር የለም።

ጉዱ የተጀመረው ወጥ ቤት ነው። "እኔ ጾመኛ ነኝ" ብለው ተቆጡ ወይዘሮ ምብራት። "ከዓመቱ እኩሌታውን ሥጋ አልቀምስ፣ ቅቤ አልቀምስ። ስቡ ከየት መጣብኝ?" ብሩክታይት ጓዳ ገባችና ጄሪካኑን ዘንበል አደረገችው። የውስጡ ነገር እንደ ሞራ ረግቶ ንቅንቅ አላለም። የጾሙ ሽሮ፣ የጾሙ ምስር፣ የጾሙ ጎመን ሁሉ በዚህ ውስጥ ነው ሲዋኝ የኖረው።

"እትዬ፣ ይሄ በብርድ የሚረጋ ዘይት እኮ ከቅቤው አይሻልም።"

"ኧረ በሥላሴ! ታዲያ ስጾም የኖርኩት ምኑን ነው?"

"ጾሙማ ጾም ነው። ዘይቱ ነው የፈሰከብዎት።"

ሳያስቡት ሳቁ። ፊታቸውን ወዲያው ቢያጨፈግጉም ስቀዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሱፍ ዘይት በማንኪያ ሆነ፤ ገብስ ቂንጬ ያለ ቅቤ፣ አጃ፣ ባቄላ፣ ጎመን በየዓይነቱ፣ ተልባ። ከባዱ ግን መደብሩ ነበር። ቅቤ ሲመጣላቸው በጣታቸው ዛቅ አድርገው ሳይቀምሱ ገዝተው አያውቁም፤ ቀኑን ሙሉ ሲቀምሱ መዋላቸውን እንደ መብላት ቆጥረውት አያውቁም። አሁን ጾም ባልሆነም ቀን በማሽተት ብቻ ሆነ። "ነጋዴው ሁሉ ምብራት ቅቤ ፈራች እያለ ሳቀብኝ፤ ደስ ይበልሽ!" አሏት አንድ ቀን።

ማለዳ ማለዳ ደግሞ ከደጃች ውቤ ሰፈር እስከ ሥላሴ በእግር። ብሩክታይት ግቢውን አትገባም፤ አጥሩ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። መጀመሪያ ላይ ወይዘሮ ምብራት ሲወጡ እንዳላዩ አልፈዋት ይሄዱ ነበር። ሐምሌ ላይ "ብርዱ አይጎዳሽም?" አሉ። ፍልሰታ ሲገባ እሳቸው እህል ሳይቀምሱ እየዋሉ ለእሷ የሽምብራ ቆሎ በመሐረብ ቋጥረው ይመጡ ጀመር። ስሟን ግን አይጠሩም። የዘመድ ልጆችን "ጓለይ" ይላሉ በአገራቸው ቋንቋ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እሷን "አንቺ ልጅ" ነው የሚሏት።

በቤቷ በኩልም ሰላም አልነበረም። አባቷ ጋሽ ካሳዬ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። "ልጅህ በየማለዳው ሥላሴ ደጅ ቆማ ትታያለች፤ ልትጠመቅ ነው እንዴ?" እያለ የሚጠይቃቸው ሰው በዛ። አንድ ምሽት እራት ላይ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ብሩኬ፣ ስለ ሃይማኖት አልናገርሽም፤ አንቺ ታውቂያለሽ። ግን ሰው ልጄን እንደ ቲማቲም ዋጋ ወረደ ወጣ እያለ ሲጠብቃት ማየት አልቻልኩም።"

ብሩክታይት ተነሳች። ሳህኖቹን አነሳስታ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፍትዊን ፒያሳ አገኘችው። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ካለው ቢሮው በዝናብ ሮጦ መጥቶ ፀጉሩ ርሷል። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ እያያት ቆየ። እንዲህ ሲያያት ምን እንደምትሆን እሷ ናት የምታውቀው።

"የሚመጣው ሳምንት ምርመራው ነው" አለ። "ከወረደ መስከረም ላይ ሽማግሌ ይላካል። ምን ይዤ ልቅረብ አባትሽ ፊት?"

"ጃንጥላ። የእኔ በእናትህ አለቀ።" ፈገግ አለች። "እንዴት ጎበዝ ሆነዋል መሰለህ። ዝናብ አይሉ፣ ብርድ አይሉ። ዛሬም ከድልድዩ በላይ ዳገቱ ላይ ቆመው ሲሳለሙ ቆዩ። በየቀኑ እኮ ነው፤ አሁን አሁንማ ሁለቴ ሦስቴ ነው የሚቆሙት።"

ፍትዊ ሳቀ። "ዳገቱ ላይ? እዚያ ጋ ጊዮርጊስ ከኋላችሁ ቀርቷል፣ ሥላሴ ገና አልታየ። አደይ ማንን ነው የምትሳለመው? ታክሲዎቹን?"

እናቱን በቋንቋቸው አደይ ነው የሚላቸው። የራሱ ቀልድ አስደስቶት አስተናጋጁን ጠራ። ብሩክታይት ግን ስኒዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። የሴትዮዋ እጅ ታያት። ሲሳለሙ አማትበው ያውቃሉ? በጎን አይታቸው ነበር፣ ፊቷን ከማዞሯ በፊት፤ እጃቸው ነጠላው ሥር ደረታቸው ላይ ነበር። ፊታቸውም ወደ ሕንፃ ግንባታ የቆርቆሮ አጥር ነበር። ስኒዋን ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠች።

"ምነው? ምን ሆንሽ?"

"ምንም። በረደኝ።"

በማግስቱ ዳገቱ መሃል ላይ ወይዘሮ ምብራት ቆሙ። ብሩክታይት ፊቷን አላዞረችም።

ከንፈራቸው ጸሎት አያደርስም። ዓይናቸው ተጨፍኗል፤ በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። በግራ እጃቸው ደረታቸውን ጭብጥ አድርገው ይዘው፣ ሕመሙ እስኪያልፍ ትንፋሻቸውን ይጠብቃሉ። ዓይናቸውን ሲገልጡ ከእሷ ዓይን ጋር ገጠሙ።

"ምን ያፈጥጥሻል?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እትዬ?"

"ምኑ?"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?"

ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ታክሲ ውሃ እየረጨ አለፈ። "ከሐምሌ" አሉ በመጨረሻ። "ስወጣ ነው እንጂ ስቆም ይተወኛል። ምንም አይደል።"

"እኔኮ የሚሳለሙ መስሎኝ ነው! እኔኮ ፊቴን ያዞርኩት…" አክብሮቷ ሴትዮዋን ሊገድልባት ነበር።

ወይዘሮ ምብራት ክንዷን ያዙ፤ ከዚያ በፊት ነክተዋት አያውቁም። "ስሚኝ አንቺ ልጅ። አንድ ሳምንት ነው የቀረው። ይሄን ለሐኪም ከተናገርሽ ያንን ኪኒን ይሰጠኛል። ስለቴ ፈረሰ ማለት ነው። በሥላሴ ይዤሻለሁ፣ ለፍትዊም ለሐኪሙም ትንፍሽ እንዳትዪ።"

"አይያዙኝ እትዬ።"

"ለማን ብዬ መሰለሽ የቻልኩት?"

ብሩክታይት ወደ አስፋልቱ ወረደች። እጇን ዘርግታ ታክሲ አስቆመች። እንባዋ ከዝናቡ ጋር ሲወርድ፣ በገዛ እጇ የምታፈርሰው ምን እንደሆነ አሳምራ ታውቅ ነበር።

ዶክተር ገነነ የልብ ሐኪም ዘንድ አስመረመራቸውና ፍትዊን አስጠርቶ ማታውን ሦስቱንም አስቀምጦ አነጋገራቸው። ኮሌስትሮሉ ወርዷል፤ የክረምቱ ልፋት ከንቱ አልሆነም፤ ግን የሚፈለገው ድረስ አልወረደም። ሰውነታቸው ራሱ አብዝቶ የሚያመርት ዓይነት ነው። የልባቸው ቧንቧም ድሮውኑ ጠቧል። "ምግቡም ይቀጥላል፣ ዝግ ያለ የእግር ጉዞውም ይቀጥላል፣ መድኃኒቱ ግን ከዛሬ አያድርም" አለ። ወይዘሮ ምብራት ጣሪያውን እያዩ ሰሙት።

ቤት ሲገቡ የመድኃኒቱን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። "አልውጥም" አሉ።

ፍትዊ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ ቆሞ፣ ማንንም ሳያይ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። "እስከሚመጣው ቅዳሜ… የቀጠሮው ቀን እስኪደርስ ቢታይ… አንድ ሳምንት ምን ያደርጋል?"

የጣሪያው ፍሳሽ ባልዲው ውስጥ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

"ፍትዊ" አለች ብሩክታይት፣ "እናትህ ናቸው።"

"አውቃለሁ እናቴ መሆኗን! አንቺስ? አንቺን ምን አጣደፈሽ?" ዓይኑ ቀልቷል። "ገላገለሽ አይደል? አባትሽ ሲጎተጉቱሽ ነው የከረሙት። ይኸው ሰበብ አገኘሽ፤ ሂጂና አበሥሪያቸው!"

ብሩክታይት አየችው። ሦስት ወር ሙሉ ዝናብ የጠጣችለት ሰው ነው።

"እንዲህ ነው የምታውቀኝ?" አለች። "እሺ። እንዲህ እወቀኝ።"

ጠረጴዛው ጋ ሄደች። ውሃ ቀዳች። ኪኒኑን ከማሸጊያው አወጣች። ከዚያ ወይዘሮ ምብራት እግር ሥር ተንበርክካ መዳፏን ዘረጋች።

"ይዋጡ እትዬ።"

"ምን እንደምታደርጊ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"ስለቱን አላጥፍልሽም። ለሥላሴ የሰጠሁትን ቃል ለማንም ብዬ አልበላም። ከዋጥኩት ልጄን አታገኚውም።"

"አውቃለሁ አልኩዎት እኮ!" ጮኸች፤ ጮኻ አታውቅም። "እወደዋለሁ። እንዴት እንደምወደው ለእርስዎ እንዴት ብዬ ልንገርዎት? ግን በእርስዎ ሬሳ ላይ ተረማምጄ ሙሽራ አልሆንም። ቬሎ ለብሼ ስቆም ደረትዎን የያዙበት እጅ ይታየኛል። ይዋጡልኝ። ለእኔ ብለው አይደለም የቻሉት? ለእኔ ብለው ይዋጡ።"

ወይዘሮ ምብራት ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ። ከዚያ ኪኒኑን ከመዳፏ አነሱ። አማተቡ፤ አሁንስ በእውነት አማተቡ። ዋጡት።

ፍትዊ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። "ብሩኬ፣ ይቅር በይኝ፣ አፌ ነው…" ብሎ ሲጠጋት ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች። ጃንጥላው አንድ ክንፉ ተሰብሮ ስለነበር አልዘረጋችውም። ፒያሳን በእግሯ አቋርጣ ቤቷ እስክትደርስ ሰው ሁሉ ዝናብ የመታት ልጅ ብቻ መሰለችው።

ለአባቷ "አልቋል አባዬ" አለቻቸው፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ጋሽ ካሳዬ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። አላላቸውም። የልጃቸው ክፍል በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡ አመሹ።

የፍትዊን ስልክ አላነሳችም። ከቤትም አልወጣች። ጳጉሜ ገብቶ አንድ ማለዳ ግን ገና ሳይነጋ ተነስታ ጫማዋን ስታስር አባቷን ሳሎን ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ወዴት ነው? አልቋል አላልሽም?"

"አልቋል አባዬ። ዳገቱ ግን አለ። ብቻቸውን ነው የሚወጡት።"

ጋሽ ካሳዬ ብዙ የሚናገሩ መሰሉ። ከዚያ ተነስተው ከበሩ ጀርባ የራሳቸውን ትልቁን ጥቁር ጃንጥላ አምጥተው ሰጧትና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ወደ ማንበብ ተመለሱ።

ወይዘሮ ምብራት ደጃቸው ላይ ነጠላቸውን ለብሰው ቆመዋል። እንደምትመጣ እንዴት እንዳወቁ እንጃ። ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ መንገድ ጀመሩ። ቀስ፣ በጣም ቀስ ብለው። ድልድዩን ተሻገሩ። ዳገቱ መሃል ላይ ወይዘሮ ምብራት ቆሙ፤ ብሩክታይት ጃንጥላውን ሰጥታቸው፣ ከልማድ የተነሳ ፊቷን ወደ አስፋልቱ አዞረች።

"ፊትሽን አታዙሪ።"

ዞረች።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። ያኔ ስሳል እንዳይወርድ ብዬ ነው የተሳልኩት። ልጄ እንዳይወስድሽ። ሐኪሙ ራሱ ያለ መድኃኒት ይከብዳል ብሎኝ ነበር፤ እያወቅሁ ነው። ሥላሴን ተንኮሌ ውስጥ አስገባኋቸው።" ትንፋሻቸው ተቆረጠና ጠበቁት። "ኋላ ግን፣ አጥሩ ሥር ቆመሽ ዝናብ ሲመታሽ ሳይ፣ እንዲወርድ ብዬ ልሞት ነበር።"

"እትዬ…"

"ዝም በይ። ስለት ስለት ነው፤ ሽማግሌ አልልክም። ለንስሐ አባቴ ግን ይህንኑ እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ከስለቱ ይፍቱኝ አይፍቱኝ አላውቅም። ምንም ላይሉኝ ይችላሉ።" ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እስከዚያ ምንም አልሰጥሽም። ቆሎም አልያዝኩም ዛሬ።"

ብሩክታይት ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። ወይዘሮ ምብራት ነጠላው ሥር ደረታቸውን የያዘውን እጅ አውጥተው ትከሻዋ ላይ ጣሉት። ከባድ ነው፤ ሙሉ ክብደታቸውን ነው የጣሉባት።

"ደግፊኝ ጓለይ" አሉ።

ጊዮርጊስ ከኋላቸው ቀርቷል፤ ሥላሴ ገና አልታየም። እዚያው የቆርቆሮ አጥሩ ፊት፣ በጋሽ ካሳዬ ጃንጥላ ሥር፣ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሁለቱም ቆሙ።